የዶራ ነጭ ዳቦ

ዶራ መቀመጥ አትችልም። ገና መኪናዬን ወደ መንደሯ ሳጥፍ መንገድ ዳር ቆማ አያታለሁ፤ ጎማው ሳይቆም በሩን ትይዛለች። ገብታም አትቀመጥም። የማንዳን ቀበቶ ታስርላታለች፣ የሽማግሌውን የብላዥን ኮፍያ ታቃናለታለች፣ ከዚያ እኔ ላይ ትዞራለች።

«ማርሹን ምን ያስጮህሃል ጁካ? ላዜ እያለህ በሬውንም እንዲሁ ነበር የምታስጮኸው።»

«ተቀመጪ ሙሽሪት፣ ቀበቶሽን እሰሪ።»

ሙሽሪት የምላት ስድሳን ያለፈች ሴትዮ ናት። በእኛ አገር ያገባች ሴት ብታረጅም ሙሽሪት ናት፤ ዶራ ግን ሲሏት አትወድም፣ እኔም አለመውደዷን ስለማውቅ እላታለሁ። አብረን ነው ያደግነው። ላዜ ኮረብታ ላይ ያለች መንደር ናት፤ ወይንና በቆሎ እንጂ ስንዴ የሚባል ነገር አታውቅም። ዶራ ወደ ሜዳው፣ ሳቫ ወንዝ ዳር ወዳለችው ብሬስቶቫ ስትዳር መንደሩ በሙሉ ቀንቶባት ነበር። ሜዳው ጥቁር አፈር፣ የሰባ አሳማና ዓይን የማይጨርሰው ስንዴ ያለበት አገር ነው። እናቴ «ዶራስ ተገላገለች፣ ከእንግዲህ የበቆሎ ቂጣ አትበላም» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ተገላገለች የተባለችው ሴት ይኸው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የሆስፒታሉ ሚኒባስ ላይ ተጭና ለኩላሊት እጥበት ከተማ ትወርዳለች። ሚኒባሱን የምነዳው እኔ ነኝ። በእነዚህ ቀኖች የማመላልሳቸው ሰዎች በሙሉ የብሬስቶቫ ሰዎች ናቸው። መዳፋቸውን ብታዩት መዳብ ይመስላል፤ ከደሙ የማይወጣው ቆሻሻ ነው እንዲያ የሚያስመስለው ይላሉ ነርሶቹ። ውኃ እንደ ልብ መጠጣት የለም፣ ሐብሐብ የለም፣ ድንች እንኳን ተዘፍዝፎ ውኃው ካልተደፋ አይበላም። በሐምሌ ሙቀት ምራቃቸውን እየዋጡ ሲቀመጡ ሳይ የራሴን የውኃ ጠርሙስ ከወንበሬ ሥር እደብቃለሁ።

ብሬስቶቫ ውስጥ በሽታው ቤት እየመረጠ ነው የሚገባ። የዶራ አማት ካታ በዚሁ ሞተች፣ አማቷ አባወራውም በዚሁ፣ ባሏ ሽቲፓን ደግሞ ገና ፀጉሩ ሳይሸብት። እንዲህ ያለውን ቤት «የኩላሊት ቤት» ይሉታል፤ ከዚያ ቤት ሴት ልጅ የሚያጭ የለም። አንዳንዱ የውኃ ጉድጓዱን ደፍኖ ሌላ ቆፈረ፣ አንዳንዱ ቤቱን ጥሎ ሄደ፣ አንዳንዱ ቄስ ጠርቶ ጠበል አስረጨ። ዶራ ማንንም ሳትጠራ ልጇን ዝላታን ገና በአሥራ አራት ዓመቷ ከተማ አክስቷ ዘንድ ላከቻት። ዝላታ አሁን ዋና ከተማችን ዛግሬብ ውስጥ የከተማ ባቡር ትነዳለች፤ ረጅም፣ አፏ የማይያዝ፣ ቁርጥ እናቷን።

አምና ዶራ አንዱ ኩላሊቷ ላይ ዕጢ ተገኝቶ ወጣላት። ያን ጊዜ ነው ዝላታ «የእኔን አንዱን እሰጥሻለሁ» ያለችው። ዶራ ምን ያህል እንደ ተከራከረች አትጠይቁኝ። «አኩርፈሽ መልሺልኝ ብትይኝስ?» ትላታለች። ዝላታ ደግሞ «ካኮረፍኩ አንጀትሽንም ጨምሬ ነው የምወስድ» ትላለች። በመጨረሻ ማሽኑ አሸነፋት። አንድ ዓርብ ስንመለስ ራሷን መስታወቱ ላይ ጥላ «ደከመኝ ጁካ፣ እሺ ልላት ነው» አለችኝ። ዶራ ደከመኝ ስትል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ምርመራው ተጀመረ፣ የዝላታ ደምና ሽንት ንጹሕ ሆነ፣ ቀዶ ጥገናው ለሐምሌ ተቆረጠ። ዶራ ከዚያ ወዲህ የባሰ መቀመጥ አቃታት።

ሰኔ ውስጥ፣ ሰኞ ቀን፣ ዶክተር ቬድራና ከዛግሬብ መጣች። ይህን በሽታ ከሚያጠኑት አንዷ ናት፤ ወጣት ናት፣ ስታወራ እጇን ኪሷ ውስጥ ትከታለች። ዶራ ለጥሟ የምትልሰው ሎሚ አምጣ ብላ ልካኝ ነበር፤ ይዤ ስገባ ዶክተሯን ክፍሉ ውስጥ አገኘኋት። ሦስቱም በየአልጋቸው ተጋድመው ደማቸው በቱቦ ይዞራል።

«ወይዘሮ ዶራ፣ አምና ያወጣነውን የዕጢዎን ሴሎች መርምረን ጨርሰናል» አለች ዶክተሯ። «እያንዳንዱ ሴል ውስጥ ሥራውን የሚያዝ እንደ ጽሑፍ ያለ ነገር አለ። የእርስዎ ዕጢ ውስጥ ጽሑፉ ተበላሽቷል፤ የተበላሸው ግን እንዲያው በደፈናው አይደለም። በብዙ ቦታ ያው አንዱ ፊደል በሌላ ተተክቷል። አይጥ የበላችውን ስብ ያውቁታል አይደል? አይጧን ባያዩም ጥርሷን ያውቃሉ። ይህም የአንድ አረም መርዝ ጥርስ ነው።»

«የምን አረም?» አለች ማንዳ ከወዲያ አልጋ።

«እናንተ የተኩላ ኮቴ የምትሉት።»

የተኩላ ኮቴን የማያውቅ የሜዳ ሰው የለም። ቅጠሉ ልብ ይመስላል፣ አበባው ቢጫ ነው፣ ሽታው ይገማል፣ ከብት አይነካውም። ድሮ ስንዴው መሐል ነበር የሚበቅል። መርጫ መድኃኒትና ኮምባይነር ከመጣ ወዲህ ወደ አጥርና ወደ ቦይ ሸሸ።

«ፍሬው ከስንዴው ጋር ታጭዶ፣ ከስንዴው ጋር ተፈጭቶ ዳቦ ውስጥ ይገባ ነበር» አለች ዶክተሯ። «ለዓመታት የበላው ሰው ኩላሊቱ ቀስ እያለ ይደርቃል፣ አንዳንዱ ዕጢ ያበቅላል። ጉድጓዱ አይደለም፣ ቤቱ አይደለም፣ የተረገመ ዘርም አይደለም። ስለዚህ ልጠይቃችሁ፣ ከቤታችሁ ስንዴ የተጋገረ ዳቦ ነበር የምትበሉት?»

«በእኛ ቤት? በፍጹም!» አለ ብላዥ። «ነጭ ዳቦ ብቻ። ከገበሬዎች ማኅበሩ ሱቅ በተገዛ ዱቄት።»

«በእኛም ነጭ ብቻ» አለች ማንዳ።

«በእኛም» አለች ዶራ።

ሦስት ሰው ከማሽን ጋር ታስሮ፣ መዳብ በመሰለ መዳፉ ይምላል! ሳቄም መጣ፣ ንዴቴም መጣ። ያልገባው ካለ ልንገረው። በሜዳው አገር የሙሽራ ክብሯ ዱቄቷ ነው። ስንዴውን ታርማለች፣ ትለቅማለች፣ ትነፋለች፤ ዳቦዋ ከጠቆረ ወይም ከመረረ ሰነፍ ናት፣ ያመጣት ቤትም ተዋረደ። በዩጎስላቪያ ዘመን ሐኪሞች ከዛግሬብ እየመጡ የጉድጓዱን ውኃ፣ አፈሩን፣ ከየቤቱ ዱቄት እየቆነጠሩ ይወስዱ ነበር። ሐኪም መጣ በተባለ ቁጥር ካታ ዶራን በጓሮ በኩል ወደ ማኅበሩ ሱቅ ትሰዳታለች፤ የተማሩ ሰዎች ይህን ጥቁር ዱቄት አያዩም ብላ። ዶራ እንደ ነገረችኝ ሱቁ በር ላይ የመንደሩ ሙሽሮች በሙሉ ከረጢታቸውን በሽርጣቸው ሸፍነው ይሰለፋሉ፤ ሰልፉ ላይ ማንም ማንንም አላየም። ሐኪሞቹም ያን የሱቅ ዱቄት ይዘው ሄደው መረመሩ። ምን ያገኛሉ?

ዶክተር ቬድራና ወደ ዶራ ዞረች። «እርስዎ ግን ዳቦውን መብላትዎ የተረጋገጠ ነው፤ ሴልዎ ይናገራል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ዝላታ ናት። እሷ ያንን ዳቦ በልታ ካደገች፣ ኩላሊቷን ከማውጣታችን በፊት ሽንት ቧንቧዋ ውስጥ ካሜራ አስገብተን ማየት አለብን። በልታ ያደገች ከሆነ ባይገኝባትም እንኳ ንቅለ ተከላውን ምናልባት እንተወዋለን። ካልበላች ግን እንቀጥላለን።»

ዶራ ጣሪያውን አየች።

«እኔ የበላሁት በአባቴ ቤት ይሆናል» አለች። «ላዜ። ልጄ ያደገችው አማቴ ቤት ነው፤ የካታ ቤት ደግሞ ነጭ ዳቦ ነው።»

ሎሚው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ላዜ! ጥርሳችን ቢጫ እስኪሆን የበቆሎ ቂጣ ያኘክንባት ላዜ! አፌን ስከፍት በዓይኗ ወጋችኝ፣ እኔም ዘጋሁት።

ማንዳንና ብላዥን አድርሼ ሁለታችን ስንቀር ለቀቅኩባት።

«ላዜ ነው ያልሽው? ላዜ መቼ ስንዴ በላች? አባትሽ አንዲት የስንዴ ፍሬ በእጁ ሳይዝ ነው የሞተው! ሙታንን ታዋርጃለሽ እንዴ?»

«መኪናውን አቁም።»

«አላቆምም። መልሺልኝ።»

«አቁም አልኩህ ጁካ!»

የመንደሩ መቃብር አጠገብ አቆምኩ። ወርዳ በአጥሩ ሥር ሥር እየተራመደች አጎንብሳ ትፈልጋለች። እጥበት የወጣ ሰው እግሩ አይጸናም፣ ስለዚህ ከኋላዋ ሄድኩ። አገኘችው። አንዱን የተኩላ ኮቴ ከነአበባው ነቅላ አፍንጫዬ ሥር ያዘችው።

«እጄ ይህን ሲያርም ስንት ዓመት እንደኖረ ታውቃለህ? በአማቴ ስንዴ ውስጥ ሞልቶ ነበር። ብንለቅም አያልቅም፣ ብንነፋ አይወጣም። ካታ ዳቦው ሲመር ትቆነጥጠኛለች፣ እኔ ደግሞ እንዳይመር ቅቤና ስኳር እቀባበታለሁ። ለማን? ለዝላታ! ራበኝ ባለች ቁጥር ወፍራም ወፍራሙን እየቆረስኩ። ሌሎቹ ልጆች ከሲታ ሲሆኑ የእኔ ልጅ ጉንጯ ቀይ ነበር። በመንደሩ እኮራ ነበር ጁካ!»

አረሙን ጣለችውና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ደጋግማ ጠረገች።

«እና ለዶክተሯ ለምን አልነገርሻትም?» አልኳት። ድምፄ ወረደ።

«ከተናገርኩ ኩላሊቱ ይቀራል።»

«እሱማ…»

«እስክሞት ማሽኑ ላይ ነኝ ማለት ነው። እስክሞት ሎሚ እየላስኩ። ቂል እመስልሃለሁ? ሳይገባኝ የዋሸሁ መሰለህ? መጀመሪያ አፌ ነው የተናገረው፣ የለመደውን። ሁለተኛውን ግን አስቤ ነው የተናገርኩት።»

የአንገቷ ሥር ሲመታ አያለሁ፣ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የልጅቱ ምርመራ ንጹሕ ነው። ከበላች ስንት ዘመኗ! እኔም የሰው ልጅ ነኝ፣ ይህችን ሴትዮ ከዚያ አልጋ ተላቅቃ አንድ ብርጭቆ ውኃ እስከ ታች ስትጨልጥ ማየት እፈልጋለሁ።

«እንግዲያውስ ላዜ ስንዴ ነበራት» አልኳት። «ካልሽ ነበራት። ጠያቂ ከመጣ እኔም እመሰክራለሁ።»

ቤቷ እስክንደርስ የበሩን እጀታ እንደ ያዘች ነበር።

ማክሰኞ ሌሎች በሽተኞች ይዤ በመንደሯ ሳልፍ ዶራ የአሳማውን በረት ኖራ ትቀባለች። አሳማ ካረደች ዓመታት አልፈዋል። ስመለስ ደግሞ የቀባችውን ትታ የዶሮውን አጥር ትነቅላለች። ጡሩምባ ነፋሁላት፣ ቀና አላለችም። እኔም ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልያዘኝም። ሬዲዮ ከፍቼ ዘጋሁ፣ ተነሥቼ የራኪያ አረቄዬን ቀዳሁ፣ ሳልጠጣው መልሼ ጠርሙሱ ውስጥ ጨመርኩት።

ረቡዕ መንገድ ዳር አልቆመችም። ጡሩምባ ነፍቼ ነፍቼ በሩን ልመታ ስወርድ ወጣች፣ ፊቷ ዐመድ መስሏል። መኪናው ውስጥ የማንንም ቀበቶ አልነካችም። ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ መርፌውን ይዛ ስትመጣ ክንዷን ሰበሰበች።

«መጀመሪያ ዶክተሯን ጥሪልኝ።»

«ዛግሬብ ናት እኮ ወይዘሮ ዶራ።»

«ዛግሬብ ስልክ የለም?»

ነርሷ ደወለችና ሰጠቻት። ዶራ ስልክ ስትይዝ ሰውየው ወንዝ ማዶ ያለ ይመስል ነው የምትጮኸው፤ ፎቁ በሙሉ ሰማ።

«ዶክተር! ዋሽቻለሁ! ላዜ ስንዴ የላትም። እኔ የበላሁት አማቴ ቤት ነው። ልጄም የበላችው እዚያው ነው። አዎ፣ በየቀኑ! በእጄ ነው ያበላኋት! አይ፣ ጥቂት አይደለም፣ ብዙ ነው! ካሜራችሁን አስገቡ!»

ማንዳ ከአልጋዋ ላይ ተነሥታ ተቀመጠች። «አንቺ ሴት! ካታን በመቃብሯ ለምን ታዋርጂያታለሽ? በሰው ፊት!»

«ካታ ሞታለች፣ ዝላታ ግን አልሞተችም!» አለች ዶራ፣ ስልኩን ሳትሸፍን። «ያንቺም ዳቦ ከእኔ የጠቆረ ነበር ማንዳ። ሱቁ በር ላይ ከፊቴ የተሰለፍሽው አንቺ አይደለሽም?»

ማንዳ ቀላች። ትሰድባታለች ብዬ ስጠብቅ መልሳ ተጋደመችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያው ሆና «የእኛም ጥቁር ነበር በያት» አለች። «ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ስማቸውን ንገሪያት።» ብላዥ ደግሞ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገና የልጅ ልጆቹ ናቸው ልጆቹ እንጃ፣ ስም መቁጠር ጀመረ።

ቀዶ ጥገናው ተሰረዘ። ለዝላታ «ጥንቃቄ ነው» ብቻ ብለው ጠርተው መረመሯት። ዶራ ወሬውን የሰማችው መኪናዬ ውስጥ፣ በእኔ ስልክ ነው፤ ዶክተሯ ራሷ ደወለች። ሊወጣ የነበረው ኩላሊት ደህና ነው። ሊቀርላት የነበረው ግን ቧንቧው ውስጥ ገና ሥር ያልሰደደ ትንሽ ዕጢ ይዟል። በሽንቷ አልታየም፣ ሕመምም የለውም። ካሜራው ባይገባ ኖሮ ደህናውን ለእናቷ ሰጥታ ከበሽተኛው ጋር ትቀር ነበር። አሁን ያንን ኩላሊት ከነቧንቧው ያወጡላታል፣ ከዚያ ዕድሜዋን ሙሉ እየተመላለሰች ትታያለች።

ዶራ ስልኩን መለሰችልኝ። «አቁም» አለች፣ አቆምኩ። ወርዳ መኪናውን ዞረችው፣ ደግማ ዞረችው። ጎማውን በእግሯ መታች። ከዚያ ገባችና «ንዳ» አለችኝ።

ዝላታ ቀዶ ጥገናው ከተደረገላት በኋላ በነበረው እሑድ ዶራን በራሴ አሮጌ መኪና ዛግሬብ ወሰድኳት። መንገዱን በሙሉ ማርሹን እንዳላስጮኽ ተጠንቅቄ ነዳሁ። ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ እኔ ውጭ ልቀር ስል እጅጌዬን ይዛ አስገባችኝ።

ዝላታ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ከስታለች፣ ፀጉሯ ተንጨባሯል። እናቷ አልጋው ግርጌ ቆመች። ሰላምም ሳትል ጀመረች።

«ዳቦውን ያበላሁሽ እኔ ነኝ።»

«ነግረውኛል» አለች ዝላታ። «ዳቦውን ማን ያውቅ ነበር እማ? ያንቺም አማት አላወቀችም። ርቦኝ ነበር፣ ሰጠሽኝ። እሱን ተይው።» ዓይኗን ከእናቷ ላይ አላነሣችም። «ሰኞ ግን ዶክተሯ ስትጠይቅሽ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ዝም ያልሽው ኩላሊቴን ፈልገሽ ነው?»

እኔ መስኮቱን ማየት ጀመርኩ። ውጭ የሚታይ ነገር አልነበረም።

«አዎ» አለች ዶራ። «ፈልጌ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ረቡዕ ጠዋት።»

የዝላታ ከንፈር ተጣመመ፤ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየሁም፣ ቁስሏ ስላመማት ሆዷን በእጇ ያዘች።

«እስከ ረቡዕ ብቻ?» አለች። «እኔ ብሆን፣ እማ፣ ሐምሌ እስኪያልፍ ትንፍሽ አልልም ነበር።»

ዶራ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ልጅቱ ቦታ ልትለቅላት እያቃሰተች ወደ ግድግዳው ተጠጋች።